ግፊት ልትለካ መጥታ ድባቴውን ላገኘችልን ነርስ፤ ምስጋናና ጥቆማ

አባታችን ባለፈው ጥቅምት የልብ ደም ሥር ተዘግቶባቸው ስቴንት (የጠበበውን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ከገባላቸው በኋላ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ድረስ እየመጣች ግፊትና ስኳራቸውን የምትከታተል ነርስ ቀጥረን ነበር። ይህን የምጽፈው እርሷን በአደባባይ ለማመስገንና ከልብ ሕመም የተረፈ ሰው በቤቱ ላለ ሁሉ ለመጠቆም ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ግፊቱን ለክታ መሣሪያዋን ከከተተች በኋላ አልተነሣችም። አጠገባቸው ያለው ቡና ሳይነካ እንደ ቀዘቀዘ አየች፤ መድኃኒታቸውንም አስመጥታ ስትቆጥር እስከዚያ ቀን ማለቅ ከነበረባቸው የደም ማቅጠኛ ክኒኖች ስድስቱ ከእሽጉ አልወጡም። «አባባ፣ ኪዳን መሄድ የተዉት ደክሞዎት ነው ወይስ አላሰኝ ብሎዎት?» አለቻቸው። አባታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «ከእንግዲህ ምን ልሠራ ልጄ፤ ትርፍ ሰው ነኝ» አሉ። እኛ ልጆቻቸው ዝምታቸውን የዕድሜና የሕመም ድካም ነው እያልን ስናልፈው ከርመናል፤ ከሆስፒታል ስንወጣም ስለ ምግብና ስለ ጨው እንጂ ስለ መንፈሳቸው የጠየቀን አልነበረም።

እኛን ከክፍሉ አስወጥታ፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱትን ዘጠኙን የድባቴ መለያ ጥያቄዎች ጠየቀቻቸው። ከ27 ነጥብ 16 አገኙ፤ ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ድባቴው የከበደ ነው። ከዚያ ወጥታ ያስረዳችንን ኋላ እኔም አንብቤ አረጋግጫለሁ፦ በ1993 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመና በካናዳዋ ሞንትሪያል ልባቸውን ታመው የተረፉ 222 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ድባቴ የነበረባቸው በስድስት ወር ውስጥ የመሞት ዕድላቸው አራት እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። ድባቴ ደም የሚያረጉትን ሕዋሳት ቶሎ ተጣባቂ ያደርጋል፤ የልብ ምትም እንደ ሁኔታው የመለዋወጥ ብቃቱ ይቀንሳል። ከሁሉ የቀረበው አደጋ ግን እነዚያ ስድስት ክኒኖች ነበሩ፤ ስቴንት የገባለት ሰው ደም ማቅጠኛውን ካቋረጠ ስቴንቱ በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላልና።

ራሷ መድኃኒት ልትሰጥ አልሞከረችም። ለልብ ሐኪማቸው ደውላ ነገረች፤ እርሱም ወደ አእምሮ ሐኪም ላካቸው። የታዘዘላቸው ሰርትራሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ሲሆን፣ የልብ ምት ሊያዛባ የሚችለው ሌላው የድባቴ መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን ለእርሳቸው እንደማይሆን፣ ሰርትራሊኑም ከደም ማቅጠኛው ጋር ሲወሰድ መድማትን ሊጨምር ስለሚችል ድድና ሰገራቸውን እንድናይ ተነግሮናል። «ድባቴው ሲታከም ዕድሜያቸው ይረዝማል?» ብዬ ብጠይቃት፣ ሕክምናው ስሜትን እንደሚያሻሽል እንጂ ሞትን እንደሚቀንስ በትልቅ ጥናት እንዳልተረጋገጠ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። ደስ የሚያሰኘኝን ልትነግረኝ ትችል ነበር፤ እኔ በዚህ ይበልጥ አመንኳት።

ዛሬ አባታችን ክኒናቸውን ራሳቸው ይቆጥራሉ፤ ኪዳንም በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ባለፈው እሑድ ደግሞ ቡናው ቀጠነ ብለው እኅቴን ተቆጥተዋል። ተቆጥተው ካየናቸው ወራት አልፎ ነበርና እኅቴ ስቃ ዳግመኛ አፈላች።

ዋጋዋ ርካሽ አይደለም፤ ቅዳሜና እሑድም አትሠራም። ሰዓቷን ግን አታዛንፍም፤ የለካችውን ሁሉ በደብተር ጽፋ ትተዋለች። ስሟንና ስልኳን በራሷ ጥያቄ እዚህ አላሰፈርኩም፤ የሚፈልጋት በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እርሷን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።