ፍላተር ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ አፕግሬዱ የሚያስቸግረው የት ጋ ነው?

ፍላተር በአንድ ኮድ ለስልክም ለኮምፒውተርም አፕ የሚሠራበት የጉግል መሣሪያ ነው። ስለ እሱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የመጀመሪያ ሳምንት ፍቅር ነው። ሆት ሪሎዱ (ኮዱን ስትቀይር ለውጡ አፑ ላይ ወዲያው የሚታይበት) ይደነቃል፣ መልኩ ይወደሳል፣ በቃ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቨርዥን ሲቀየር ትናንት ይሠራ የነበረው ኮድ ዛሬም ይሠራል ወይ?

ለወራት የያዝኩት አፕ የዕቃ መመዝገቢያ ነው። አንዱ ኮድ ለአንድሮይድ፣ ለአይፎንና ለዊንዶውስ ያገለግላል። ስረከበው ዕድሜ ጠገብ ነበር፤ ነል ሴፍቲ ከመምጣቱ በፊት የተጻፈ። ነል ሴፍቲ የገባው እ.ኤ.አ. በ2021 ከዳርት 2.12 ጋር ነው፤ ዳርት የፍላተር ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። በነል ሴፍቲ ሕግ አንድ ቫሪያብል (ኮዱ ውስጥ ዋጋ የሚይዝ ስም) ባዶ ሊሆን የሚችል ከሆነ ቀድሞ መነገር አለበት፤ ካልተነገረ ኮዱ አያልፍም። መጀመሪያ ላይ አሮጌውም አዲሱም ተቻችለው ይኖሩ ነበር። በሜይ 2023 ዳርት 3 ከፍላተር 3.10 ጋር ሲወጣ ግን መቻቻሉ አበቃ።

አሮጌ ፕሮጀክት ያለው ሰው ይህን ይያዝ። ኮዱን የሚቀይርልህ «ዳርት ማይግሬት» የተባለው መሣሪያ ዳርት 3 ውስጥ የለም። ስለዚህ በአንዴ ወደ አዲሱ መዝለል አያዋጣም። መጀመሪያ ፍላተር 3.7 ላይ ማረፍ ነው፤ እሱ ዳርት 2.19ን ስለያዘ መሣሪያው እዚያ አለ። ኮዱን እዚያ አስተካክሎ፣ መሥራቱን አይቶ፣ ከዚያ ወደ ላይ መውጣት።

የዳርት ሰዎች ያደረጉት አንድ ብልህ ነገር ግን አለ። በዚያ ዘመን ብዙ ፓኬጆች (ሌሎች ጽፈው የሚያጋሩት ዝግጁ ኮድ) የሚፈልጉት የዳርት ቨርዥን በሚጻፍበት ፐብስፔክ ፋይላቸው ላይ «ከ2.12 ጀምሮ፣ ከ3.0 በታች» ብለው ጽፈው ነበር። ቃል በቃል ቢወሰድ ዳርት 3 በወጣ ማግስት ሁሉም ከጨዋታ ውጪ ይሆኑ ነበር። ፓኬጆቹን የሚያመጣው የዳርት መሣሪያ ፐብ ግን ነል ሴፍቲ ላላቸው ፓኬጆች ያንን ጣሪያ «ከ4.0 በታች» ብሎ ያነበዋል። አንድ መስመር ሳይነካ ስንትና ስንት ፓኬጅ ተረፈ። ለአሮጌ ኮድ ማሰብ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ፍላተር ራሱ ከአገልግሎት የሚያወጣቸው ነገሮች ብዙም አላስጨነቁኝም። ሬይዝድበተን የተባለው በተን በኤለቬትድበተን፣ ወደ ኋላ መመለስን የሚቆጣጠረው ዊልፖፕስኮፕ በፖፕስኮፕ ተተካ። ድንገት አይጠፉም። መጀመሪያ ኤዲተሩ ላይ ስሙ ተሰርዞ ይታይሃል፤ በምትኩ ምን እንደምትጠቀምም ይነግርሃል። «ዳርት ፊክስ» ስትል ደግሞ የሚችለውን ያህል ራሱ ይቀይርልሃል።

የባሰው ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣው ለውጥ ነው። ፍላተር 3.16 ማቴሪያል 3 የተባለውን የጉግል አዲስ ዲዛይን መደበኛ አደረገ። አፑ ያለ አንዳች ኤረር ይነሳል፤ ስክሪኑ ግን ሌላ ነው። በተኖቹ ይከብባሉ፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ አፕባሩ ጥላውን ያጣል። ቴስቱ አለፈ፣ ደንበኛው ግን ደወለ። የአፑን መልክ በሚወስነው ቲም (theme) ላይ «ዩዝማቴሪያል3»ን ፎልስ ማድረግ ለጊዜው ፋታ ይሰጣል።

ዋናው ጣጣ ያለው ከፍላተር በታች ነው፤ የአንድሮይዱን አፕ ገጣጥሞ የሚያወጣው መሣሪያ፣ ግሬድል ጋ። የአንድሮይዱ ግሬድል ፕላግኢን 8 ጃቫ 17ን ይፈልጋል። እያንዳንዱ ፓኬጅ ግሬድል ፋይሉ ውስጥ ኔምስፔሱን (መለያ ስሙን) እንዲጽፍም ያስገድዳል። ባርኮድ የሚያነብ አንድ ፓኬጅ ነበረን፤ የጻፈው ሰው ትቶት ሄዷል። የዳርት ኮዱ ምንም አልነበረበትም። ቢልዱ (ኮዱን ወደ አፕ የመቀየሩ ሥራ) ግን «ኔምስፔስ አልተገለጸም» ብሎ ቀጥ አለ። የጎደለችው አንዲት መስመር ናት። ለእሷ ስንል ፓኬጁን ፎርክ አድርገን (የራሳችንን ቅጂ ወስደን) ያዝነው፤ እስካሁንም የምናስታምመው እኛው ነን።

ታዲያ ለምን አሮጌው ቨርዥን ላይ አንቀመጥም? ስለማያስቀምጡን ነዋ። ፕሌይ ስቶር ከኦገስት 31 ቀን 2025 ጀምሮ አዲስ አፕም ሆነ አፕዴት ኤፒአይ 35ን (አንድሮይድ 15ን) ታርጌት እንዲያደርግ ይጠይቃል። ቁጥሩ በየዓመቱ ከፍ ይላል። እሱ ከፍ ሲል ግሬድሉ ይከተላል፣ ግሬድሉ ሲያድግ ፓኬጆቹ ይንጫጫሉ። የዊንዶውሱ ቢልድ በዚህ ሁሉ መሀል ኮሽ አላለም።

አሁን ከማንኛውም አፕግሬድ በፊት «ፍላተር ፐብ አውትዴትድ» እላለሁ። ለእያንዳንዱ ፓኬጅ አራት ዓምድ ቨርዥን ያወጣል፦ አሁን ያለህ፣ የፐብስፔክ ፋይሉን ሳትነካ የምትደርስበት፣ ፋይሉን ብትቀይር የምትደርስበት፣ የመጨረሻው። ሦስተኛውና አራተኛው ከተለያዩ ብዙ ጊዜ ሌላ ፓኬጅ እግርህን ይዞሃል ማለት ነው። ያንን ፈልጎ ማግኘት ግማሽ ሥራ ነው። ኤፍቪኤም የተባለው መሣሪያም ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱን የፍላተር ቨርዥን ይይዛል፤ አንዱን ስታሻሽል ሌላው አይናጋም።

አዲስ ፓኬጅ ስመርጥም መለኪያዬ ተቀይሯል። ድሮ የወደዱትን ሰዎች ቁጥር አይ ነበር። አሁን መጀመሪያ የማየው የአንድሮይድ ፎልደር እንዳለው ነው። ንጹህ ዳርት ከሆነ ግሬድል አይነካውም፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ፎልደሩ ካለ ደግሞ መጨረሻ የታደሰበትን ቀን አያለሁ።

ለአዲስ ሥራ ፍላተርን እንደገና እመርጠዋለሁ። በየጊዜው የሚያድሰው ሰው እስካለ ድረስ። አፑን ሠርቶ አስረክቦ ሁለት ሦስት ዓመት ዞር ብሎ ላለማየት ላሰበ ግን አልመክርም።