ዳገት ላይ ሂት የሚያደርግ ላንድክሩዘር፦ የባሕር ዳር ጋራዥ፣ ራዲያተር ቤትና ላቫጆ

መኪናው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው፤ ከኋላው የጀልባ ተሳቢ አለ። በፎገራ ሜዳ እስከ ወረታ የሙቀት ቀስቱ ንቅንቅ አይልም፤ ከአዲስ ዘመን ከተማ ወዲያ ዳገቱ ሲጀምር ግን ቀስቱ ይወጣል። ለእረፍት አገር ቤት የመጣ ሰው ይህን ችግር ይዞ ባሕር ዳር ቢገባ ከማን ምን እንደሚያገኝ ለማሳወቅ ያህል ነው። ስም አልጠራም፤ ሥራውን ግን እናገራለሁ።

አንደኛው ጋራዥ እጁ ፈጣን ነው፣ ጥያቄ ግን አይጠይቅም። መጠየቅ የነበረበት አንድ ነገር ነው፦ መቼ ነው የሚሞቀው? ከተማ ውስጥ ቆሞ የሚሞቅ፣ መንገድ ሲይዝ የሚበርድ መኪና አየር አጥቷል፤ ጥፋቱ ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) አካባቢ ነው። ዳገት ላይ ጭነት ሲስብ ብቻ የሚሞቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሃው በበቂ አይዞርም፣ አለዚያም ራዲያተሩ ሙቀቱን አይጥልም። እዚህ ግን ኮፈኑ እንደተከፈተ የተሰጠው ፍርድ «ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን በር) አውጥተን እንጣለው» ነበር።

ይህ ምክር በየጋራዡ ስለሚሰማ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በብዙ አሮጌ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ከሥሩ ሁለተኛ ሳህን አለው። ሞተሩ ሲሞቅ ዋናው በር ወደ ራዲያተር ይከፈታል፣ የታችኛው ሳህን ደግሞ አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ ትኩስ ውሃ ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሜዳ ላይ አይታወቅም። ዳገት ላይ ከነተሳቢው ሲሆን ግን ችግሩ ይብሳል።

ይልቅ ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥሎ ድስት ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ማሞቅ ነው። 82 የተጻፈበት ከሆነ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። ሙሉ ክፍተቱ ግን በአብዛኛው 95 ዲግሪ ላይ ነው የሚለካው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ትንሽ አጥሮ ቢከፈት «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትጣሉት። ስትመልሱት አየር ማስወጫዋ ትንሽ ፒን ወደ ላይ ትሁን።

የዚሁ ከፍታ ነገር የራዲያተር ክዳኑንም ይመለከታል። 0.9 (የግፊት መጠኑ ነው) የተጻፈበት ክዳን ጎማው ደህና ከሆነ ግፊቱን ይዞ እዚህ ከተማ ላይ የውሃውን መፍያ ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው ከደረቀ ግን በ94 ይፈላል፤ ቴርሞስታቱ ከሚከፈትበት 12 ዲግሪ ብቻ መራቅ ማለት ነው። በጣም ርካሹ ዕቃ ይህ ሆኖ ሳለ ማንም አልፈተሸውም። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳን እንዳትነኩ ግን።

ከሁሉም የሚመሰገነው ራዲያተር ሠሪው ነው። በሌዘር ቴርሞሜትር የራዲያተሩን ፊት ከላይ እስከ ታች ለካ፤ በትኩሱ መሃል ቀዝቃዛ ሆኖ የሚታይ ቦታ ቱቦው የተደፈነ ነው። የላይኛውና የታችኛው ማኒኮቶ (ራዲያተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው የጎማ ቱቦ) የሙቀት ልዩነት ራሱ ይናገራል፦ ላዩ በጣም ግሎ ታቹ ለብ ያለ ከሆነ ውሃው አይፈስም፤ ሁለቱም እኩል ከጋሉ ውሃው ይዞራል፣ አየሩ ግን አይወስደውም። (መሣሪያው የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ይሳሳታል፤ ጥቁር ፕላስተር ለጥፎ መለካት ይሻላል።) የመዳብና የነሐስ ራዲያተር ከሆነ ታንኩን አንሥቶ ቱቦዎቹን በቀጭን ዘንግ ይጠርጋል፣ መልሶ ይበይዳል። አሉሚኒየም ባለ ፕላስቲክ ታንክ ከሆነ ግን «ይህ አይጠረግም፣ ቀይሩት» ብሎ በግልጽ ይነግራል። እንዲህ የሚል ባለሙያ ሥራ ቢበዛበት አይገርምም፤ ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ።

ላቫጆው ጎበዝ ነው፣ ራዲያተር ግን አታስነኩት። በኮንዴንሰሩ (ከፊት ባለው የኤሲ ራዲያተር) እና በራዲያተሩ መሃል የገባው ጭድ፣ አቧራና ነፍሳት መታጠብ ያለበት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀላል ግፊት ነው። ከፊት በሃይለኛ ፓምፕ ሲመታ ክንፎቹ ይታጠፋሉ፣ ቆሻሻውም ወደ ውስጥ ይገባል።

ቬንትሌተሩን ራሳችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ። ሞተሩ ሞቆ ጠፍቶ በእጅ ሲሽከረከር መያዝ አለበት፤ እንደ ልቡ ብዙ ዙር ከዞረ የቬንትሌተሩ ክላች (ሲሞቅ ቬንትሌተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው) ውስጥ ያለው ሲሊኮን ዘይት አልቋል ወይም ደክሟል። ቶዮታ ዘይቱን በ18 ሚሊሊትር ቱቦ ይሸጣል፤ ከተማ ውስጥ መፈለግ ጊዜ ይወስዳል፣ ከውጭ ሻንጣ ውስጥ ይዞ መምጣት ይቀላል። የቬንትሌተሩ ዙሪያ ሽፋን ተሰብሮ ከወደቀም መልሱት፤ ያለ እሱ አየሩ ከራዲያተሩ ሳይሆን ከጎን ይሳባል።

ሌላው ጋራዥ ወዲያው «ጋስኬት ነው፣ ቴስታታ ይውረድ» አለ (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጋስኬቱ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ)። ሊሆን ይችላል፣ ግን ማስረጃ ይጠየቃል። ሞተሩ ከቀዘቀዘበት ሲነሣ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ማኒኮቶ ከጠነከረ ወይም ራዲያተሩ አፍ ላይ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ የሞተሩ ጋስ በጋስኬቱ በኩል ወደ ውሃው እያለፈ ነው። ይህን ጋስ ሲያገኝ ቀለም የሚቀይረው ሰማያዊ መፈተሻ ፈሳሽ በቤንዚን ሞተር ቢጫ፣ በናፍጣ ግን አረንጓዴ ነው የሚሆነው፤ ናፍጣ ሥራ ፈት ሲዞር ጋሱ ትንሽ ስለሆነ ነዳጅ እየተሰጠ ካልተፈተሸ ያታልላል። ይህን ሳያደርግ ቴስታታ ለሚያወርድ ሰው ቁልፍ አታስረክቡ።

መለዋወጫ ሱቁ ኩላንትን (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በቀለም ነው የሚሸጠው፤ ቀለም ዓይነቱን አይናገርም። አዲሱን ከአሮጌው ጋር አትቀላቅሉ፤ አጥባችሁ በተጣራ (ዲስትልድ) ውሃ ግማሽ በግማሽ ሙሉት። በሃይላንድ የሚሞላ የጉድጓድ ውሃ ቱቦውን በኖራ ይደፍነዋል።

የተሳቢውን ጎማ ፍሬንም እዩ። መንገድ ላይ ስትቆሙ የአንዱ ጎማ ማዕከል ከሌላው ይበልጥ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል፣ ሞተሩም ያንን እየጎተተ ነው። ከጋራዥ ስትወጡ ሙከራው ያለ ተሳቢ ከሆነ አትክፈሉ፤ ቤዛዊት ዳገት ከከተማው ጥግ ነው፣ መካኒኩ አጠገባችሁ ተቀምጦ በሦስተኛ ማርሽ አብራችሁ ውጡ።