ኦሲሌተር ወይስ ተራው ቬንትሌተር? ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለሚገዛ

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው ደወለልኝ። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ለሕፃናቱ ኦሲሌተር እንግዛ ወይስ ተራውን ቬንትሌተር?» ሁለቱም መተንፈስ ያቃተውን ሕፃን የሚያግዙ ማሽኖች ናቸው። ሰበታ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ እጠግናለሁ። አንዴ ተሸውጄበታለሁና መልሴን አልደብቅም፦ ተራውን ግዙ። ከሱም በፊት ባብል ሲፓፑን፣ በውኃ ግፊት ትንፋሽ የሚያግዘውን ቀላሉን መሣሪያ።

ኦሲሌተር ሕፃኑን እንደኛ አያስተነፍስም። ሳንባውን ወጠር አድርጎ ይዞ ያንዘፈዝፈዋል፤ 10 ሄርዝ ላይ በደቂቃ 600 ጊዜ። ቦታ አለው። ተራው ቬንትሌተር በከፍተኛ ግፊት እየገፋም የሕፃኑ የደም ኦክስጅን ከፍ አልል ሲል፣ ወይም አየር ከሳንባ እያፈተለከ ሲያስቸግር ሐኪሞች ወደሱ ይዞራሉ። ለአስም ግን አይመችም፤ የገባው አየር መውጫ ያጣል።

ወደ ዋጋው ልምጣ። የብሩ ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ፕሮፎርማ አንድ ሳምንት አልቆይ አለ። ደንግጠን «የታደሰ» የተባለውን ኦሲሌተር በርካሽ ገዛን። ማሽኑ ደህና ነው። ጉዱ ከማሽኑ ወደ ሕፃኑ የሚሄደው ቱቦ ነው። ኦርጅናሉ አለቀና አስመጪው ኮፒ አመጣልን። ደግነቱ መጀመሪያ በጎማ ሳንባ ሞከርነው። ኃይሉን ብጨምር ብጨምር ጎማው ንቅንቅ አይልም። ለካ ቱቦው ለስላሳ ስለሆነ ንዝረቱን መንገድ ላይ ራሱ ይበላዋል። ያንን ኮፒ በኦርጅናል ዋጋ ነው የከፈልንበት!

ኦክስጅኑን ደግሞ አስሉት። በደቂቃ 20 ሊትር ካፈሰሳችሁ፣ 6,800 ሊትር የሚይዘው ትልቁ ሲሊንደር 6 ሰዓት አይሞላም። ለአየሩ ኮምፕረሰር ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተር። የደም ጋዝ መመርመሪያና አልጋ ድረስ የሚመጣ ራጅ ከሌላችሁ ጭራሽ አታስቡት። ኦሲሌተሩ ላይ የደሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፍጥነት ሊወርድ ይችላል፤ ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን አንጎል ደግሞ ይህ አደገኛ ነው።

ባብል ሲፓፕ ምንድነው? ከሕፃኑ አፍንጫ አየሩ የሚወጣበትን ቱቦ ጫፍ 5 ሳንቲሜትር ውኃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ፣ ያው 5 ሳንቲሜትር ውኃ ግፊት አገኛችሁ። ባንግላዲሽ ውስጥ በሻምፑ ጠርሙስ ሠርተውታል። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናታቸው፣ ከባድ የሳንባ ምች ከያዛቸው ሕፃናት መካከል ተራ ኦክስጅን ካገኙት 15 በመቶ ሲሞቱ፣ በባብል ሲፓፕ ከታከሙት የሞቱት 4 በመቶ ናቸው። መተንፈስ ላቆመ ሕፃን ግን አይሆንም። አንድ ደህና ቬንትሌተር አስቀምጡ የምለው ለዚህ ነው፤ መለዋወጫው መርካቶ እንኳ ባይገኝ አዲስ አበባ ውስጥ ወኪል ያለው ይሁን።

የኛ ኦሲሌተር ጥግ ይዞ ቆሟል። ሲስተር አንሶላ አልብሳዋለች፣ ስልኳንም እሱ ላይ አስቀምጣ ቻርጅ ታደርጋለች። ልግዛችሁ የሚል ካለ አይከለከልም፤ መጀመሪያ ግን የቱቦውን ዋጋ ይጠይቀን።