ባቴን ሳይነኩ 9,500 ብሬን በሉኝ፣ የደሴ ልጆች ተጠንቀቁ

ትናንት ነው የሆነው፣ እስካሁን ንዴቱ አልበረደልኝም። ስም አልጠራም፣ ነጭ ጋውን ለብሰው «ኦስቲዮፓቲ፣ ሙሉ የሰውነት ስካን» የሚል ባነር የሚሰቅሉትን ታውቋቸዋላችሁ፣ ኦስቲዮፓቲ ማለት አጥንትና ጡንቻን በእጅ ማከም ነው።

ጠዋት ጠዋት የጦሳን ዳገት እሮጣለሁ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ግራ ባቴን በድንጋይ የመቱኝ ያህል ጧ አለኝና ከዛ ወዲህ አነክሳለሁ። እነሱ ጋ ስሄድ የሚያክመው ሰውዬ ሱሪህን ከፍ አድርግ እንኳን አላለኝም፣ ብረት አስጨበጠኝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ አረንጓዴ መስመር መጣ፣ አለቀ። «አከርካሪህ ዞሯል፣ ካልሲየም የለህም፣ ካልታከምክ ሩጫ እርሳው» አለኝ። እርሳው ሲለኝ ደነገጥኩ። የአስር ቀን ማስተካከያ ከነእንክብሉ 9,500፣ ቅናሹ ዛሬ ብቻ ነው ሲለኝ እዛው ቁጭ ብዬ በቴሌብር ላኩለት፣ ለእህቴ ትምህርት ቤት ያስቀመጥኩትን ብር! ምን ነክቶኝ ነው?

ብሩ መግባቱን ስልኩ ላይ አየ፣ እስኪብርቶ አነሳ፣ ቀና ሳይል «የትኛው እግርህ ነበር ያልከኝ?» አለኝ። «ግራ» አልኩት። «ቀኝ» ብሎ ጻፈ። ወላሂ በአይኔ አየሁት።

ብሬን መልስልኝ ስል ሪሴፕሽኗን ጠራት፣ እሷ ደግሞ ስልኳን እየነካካች «የተከፈለ አይመለስም ይላል ደረሰኙ፣ ፊደል አልቆጠርክም እንዴ?» አለችኝ፣ ያ ሁሉ ወረፋ የያዘ ሰው ፊት።

ዛሬ ጠዋት የሰፈራችን ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ዳገቱ ነው፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ስትወጣ ነው ስትወርድ የሚያምህ፣ በቅርቡ ጨምረሃል ወይ። ባዶ እግሬን አስራመደኝ፣ ከዛ በአንድ እግር ጣቴ ላይ ከፍ ዝቅ በል አለኝ፣ ቀኙ ሃያ ሲሞላ ግራው ሶስት ላይ እምቢ አለ። በሆዴ አስተኝቶ ባቴን ጨመቅ ሲያደርገው እግሬ ሲንቀሳቀስ አይቶ «አብሽር፣ ጅማቱ አልተበጠሰም» አለኝ። ቀስ እያለ ሲዳብሰኝ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ አረፈ፣ ጮህኩ። ጡንቻው ነው የተሰነጠቀው። ብረት የለ፣ ስካን የለ። ኦስቲዮፓቲም ቢሆን እኮ አንድሪው ቴይለር ስቲል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1874 ከጀመረው ወዲህ በእጅ ዳሰሳ ነው የሚታወቀው፣ እነዚህ ስሙን ብቻ ነው የወሰዱት።

ያመማችሁን ቦታ ሳይነካ ዋጋ ለሚነግራችሁ ሰው አትክፈሉ፣ ፈቃዱንም አሳየኝ በሉት። እኔ ነገ ደረሰኙን ይዤ ጤና ቢሮ እሄዳለሁ፣ እንደኔ የተበላ ካለ በውስጥ ያናግረኝና አብረን እንሂድ።