ኮረሪማን ከነልባሱ የምትሸጠዋ የመርካቶ ሱቅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውዶቼ፣ ጥሩ ኮረሪማ የት ነው ያለው እያላችሁ ስትጠይቁኝ ስለከረማችሁ ዛሬ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው አልኩ። ሱቋ መርካቶ በርበሬ በረንዳ አካባቢ ናት፣ ከመኪና መንገዱ ወደ ውስጥ ገባ ብላ፣ በጣም ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። የተለጠፈ ስም ምናምን የላትም ግን በሩ ላይ ከላይ እስከ ታች እንደ መቁጠሪያ በክር የተሰካ ኮረሪማ ስለተንጠለጠለ አትስቷትም። እኔ አሁን አራተኛ ጊዜዬ ነው፣ ከዚህ በኋላ ኮረሪማ ሌላ ቦታ የምገዛ አይመስለኝም።

እንዴት እንዳገኘኋት ልንገራችሁ። አምና ለፋሲካ ቅቤ ላነጥር ብዬ ከአንድ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ የተፈጨ ኮረሪማ በፕላስቲክ የታሸገ ገዛሁ። ከለሩ ያምራል፣ ዋጋውም ደህና ነበር፣ ቅቤው ውስጥ ስጨምረው ግን ሽታ የለው ምን የለው፣ ሳጠልለው ጨርቁ ላይ የቀረው እንጨት እንጨት የሚል ፍርፋሪ ነው፣ ለካ ልባሱን አብረው ፈጭተውት ኖሯል። ሦስት ኪሎ ቅቤ! እናቴ ቀምሳው ዝም አለች፣ እናቴ ደግሞ ስለምግብ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። ከዛ ቀን ጀምሮ ቅመም በዱቄት አልገዛም ብዬ ቆረጥኩ፣ ጎረቤቴ ናት ይቺን ሱቅ የጠቆመችኝ።

ባለሱቋ በእድሜ የገፉ እናት ናቸው። መጀመሪያ ቀን ገብቼ ግማሽ ኪሎ ይመዝኑልኝ እማማ ስላቸው ሚዛኑን አልነኩም፣ ከክሩ ላይ አንዷን ፍሬ በጥሰው እጄ ላይ አስቀመጡና “ክፈቺያት ልጄ፣ ሳትከፍቺ አትግዢ” አሉኝ። እኔ በዚህ እድሜዬ ስንት ዓመት ኮረሪማ ስጠቀም ፍሬዋን እንደዛ ጊዜ ሰጥቼ አይቻት አላውቅም።

እስቲ እናንተም አንስታችሁ እዩአት። አውራ ጣት ታክላለች፣ እንደ ብርሌ ሆዷ ሰፋ አንገቷ ጠበብ ያለ ነው፣ ቡናማ ሆና ከላይ እስከ ታች መስመር መስመር አላት፣ መሀሏ ላይ ክሩ ያለፈበት ቀዳዳ አለ። ጥፍሬን አስገብቼ ስሰነጥቃት ቀሽ ብላ ተከፈተች፣ ውስጧ ሦስት ክፍል ነው፣ በክፍሎቹ መሀል እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ግድግዳ አለ፣ በየክፍሉ ደግሞ የሚያብረቀርቁ ቡናማ ፍሬዎች እርስ በርስ ተጣብቀው ተቀምጠዋል፣ አንዱን ስታላቅቁት ሌላው የተቀመጠበት ቦታ ቅርጹ እንዳለ ይቀራል። ሽታው ወዲያው ሱቁን ሞላው። አንዱን ፍሬ በጥርሴ ስሰብረው ምላሴን ለብለብ አደረገኝና ቀጥሎ አፍንጫዬ ድረስ ቀዝቀዝ የሚል ነገር ወጣ። ይሄ ሁሉ እኮ ልባሱ ሳይከፈት ስለቆየ ነው የተጠበቀው፣ ከተፈጨ በኋላ ሽታው ቶሎ ነው የሚበረው።

ተክሏ የዝንጅብል ዘመድ መሆኗን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ከፋና ቤንች ባሉ የደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ትልልቅ ዛፍ ጥላ ስር ነው የምትበቅለው፣ አበባዋም ፍሬዋም የሚወጣው ከላይ ቅጠሉ መሀል ሳይሆን ታች መሬቱ ጋ ነው፣ ስትበስል ደማቅ ቀይ ናት፣ ይሄ እኛ የምናውቀው ቡናማ መልኳ ሲደርቅ የሚመጣ ነው። እማማ ሄል አጠገቧ አስቀምጠው ሲያሳዩኝ ደግሞ የገረመኝ ሄልም ስትከፈት ያው ሦስት ክፍል ናት፣ እሷም የዝንጅብል ዘመድ ናት፣ ከህንድና ከጓቲማላ የምትመጣ አረንጓዴ የአጎት ልጅ በሏት። ሄል ቀጠን ያለች ናት፣ ሽታዋም ጣፋጭ ነገር ይመስላል፣ ለሻይ እሷ ትሻላለች፣ ለቅቤ ግን ከኮረሪማ ጋር አትወዳደርም።

ለልጄ ግን ሱቁ ማለት ሰፌዱ ነው። እማማ ጥግ ላይ ለሽያጭ ያላደረጉት አንድ ሰፌድ አላቸው፣ ከየሀገሩ ቅመም የሚያመጡላቸው ሰዎች የሰጧቸውን ፍሬ ከነሽፋኑ ያስቀምጡበታል። ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ እያነሳች ስታይ ከዛ ሱቅ ማውጣት አቃተኝ። ከመተማ የመጣ የሰሊጥ አገዳ አለ፣ ቆባዎቹ አገዳውን ተጠግተው ወደ ላይ ቆመዋል፣ ሲደርቁ ከጫፋቸው ይከፈታሉ፣ ለዚህ ነው ገበሬው ሳይከፈቱ ቀድሞ አጭዶ ነዶውን ቀጥ አድርጎ አቁሞ የሚያደርቀው፣ ከዛ ገልብጦ ሲያራግፈው ሰሊጡ ይዘንባል፣ አጨዳው ጥቂት ቀን ከዘገየ ግን ምርቱ መሬት ላይ ነው የሚቀረው። ጥቁር አዝሙድ ደግሞ እስከዛሬ ፍሬውን እንጂ ቤቱን አይቼው አላውቅም ነበር፣ እንደ ትንሽ ፊኛ የተነፋ ነገር ሆኖ ጫፉ ላይ ቀንድ ቀንድ አለው፣ ስትነቀንቁት እንደ ጸናጽል ያንሿሿል። ከድሬዳዋ የመጣ ሮቃ የሚባል ኮምጣጣ ፍሬ (ታማሪንድ) አለ፣ ቅርፊቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ፍርክስ ይልና ውስጡ ጥቁር ቡናማ ሥጋው በክር በክር የተያዘ ነው፣ ልጄ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና ድጋሚ ጠየቀች። ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ የሚመስለው የቻይና ቅመምም አለ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ውስጥ እንደ ጀልባ ቦይ ተቀዶ አንድ አንድ የሚያብረቀርቅ ፍሬ ተኝቶበታል።

የኔ ምርጥ ግን የብርብራው ነው። ብርብራ የኛው ሀገር ዛፍ ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጪ በተፈጥሮ የማይገኝ፣ ቡና ጥላ ላይ በብዛት ታዩታላችሁ፣ ቆባው ጠፍጣፋ ሆኖ ስትዳስሱት እንደ ከፋይ ለስላሳ ጠጉር አለው። ሲደርቅ ሁለቱ ጎን ወደየራሱ ይጠማዘዝና በአንዴ ጠሽ ብሎ ይፈነዳል፣ ፍሬውን ወዲያ ይወረውረዋል። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ዓሣ ያደነዝዛል፣ አጥማጆች ሲጠቀሙበት ኖረዋል፣ ስለዚህ ልጆች አፋቸው እንዳያስገቡት፣ እማማም ሰፌዱ ላይ ለብቻው አድርገው ነው ያስቀመጡት።

በሁለተኛው ጉዟችን ልጄ ከትምህርት ቤቷ ግቢ የጃካራንዳ ቆባ ይዛ መጣችላቸው፣ ያቺ እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ፣ ሁለት ሆና የምትከፈተዋ። እማማ ከፍተው ውስጡን ሲያዩ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሳሳ ፍሬ ተደራርቦ አገኙ፣ አንዱን በትንፋሻቸው እፍ ሲሉት ሚዛኑ ላይ ሄዶ አረፈ። “ይሄ ዛፍ በየመንገዱ አለ፣ እኔ አበባውን ብቻ ነው የማየው” አሉና ሰፌዱ ላይ ሮቃው አጠገብ አኖሩላት። ባለፈው ሳምንትም ስንሄድ እዛው ነበር፣ ልጄ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።

ዛላ በርበሬም ይሸጣሉ፣ የማረቆ ነው ብለውኛል፣ ከለሩ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ ዛላውን ስታወዛውዙት ፍሬው ሲንኮሻኮሽ ከሰማችሁ በደንብ ደርቋል ማለት ነው። ቀንጥሳችሁ ስትሰነጥቁት ማቃጠሉ ያለው ፍሬዎቹ የተያያዙበት ነጩ ሥጋ ላይ ነው፣ ፍሬው ላይ አይደለም፣ አልጫ ያለ በርበሬ የምትፈልጉ ነጩን አውጡት።

አሁን ችግሩን ልናገር። ከገዛሁት ክር ላይ ሁለት ፍሬ ቤት ስደርስ ነቀዝ በልቶት አገኘሁ፣ ክሩ ካለፈበት ሌላ ተጨማሪ ቀዳዳ ነበረው፣ ስከፍተው ዱቄት ብቻ። መልሼ ሳሳያቸው አልተከራከሩኝም፣ ክሩን ሙሉውን ተቀብለው ፈትሸው በሌላ ቀየሩልኝ፣ ግን መርካቶ ድረስ መመላለስ ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ እዛው ሆናችሁ ፍሬውን አንድ በአንድ አገላብጡ። ሌላው ሱቁ ጨለማ ነው፣ የስልካችሁን መብራት ተጠቀሙ። ዋጋው በኪሎ ሲታይ ልባሱም አብሮ ስለሚመዘን ወደድ ያለ ይመስላል፣ እኔ ግን በዱቄቱ ሦስት ማንኪያ የምጨምርበትን ቅቤ በዚህኛው ፈልፍዬ ወቅጬ በአንድ ማንኪያ ነው የጨረስኩት፣ ልባሱንም አልጣልኩትም፣ ከሰሉ ላይ ጣል ሳደርገው ቤቱ ደስ የሚል ሽታ ሸተተ።

በቴሌብርም በጥሬ ገንዘብም ይቀበላሉ። ቅዳሜ ግፊያ ነው፣ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ጠዋት ብትሄዱ እማማ ጊዜ ወስደው ያስረዷችኋል፣ እሁድ ዝግ ናቸው። የሰሊጡን አገዳ ለልጆቻችሁ ከነቆባው ማሳየት የምትፈልጉ ደግሞ ኅዳር ላይ ሂዱ፣ አዲሱ የሚመጣላቸው ያኔ ነው፣ ስትይዙት ግን ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙት፣ እኛ ዘቅዝቀን ይዘነው ታክሲው ውስጥ ግማሹ ሰሊጥ ፈሰሰብን።