14 ወር በፈረስ ጋጣ ውስጥ፦ የለንደኑ ሚውዝ ቤታችን

ለንደን ውስጥ ሚውዝ የሚባለውን ዓይነት ቤት ገዝተን ከገባን 14 ወር ሆነን። ሚውዝ ከትልልቅ ቤቶች ጀርባ፣ በጠባብ መንገድ ላይ ለፈረሶች የተሠራ የጋጣ ረድፍ ነው። ስሙ ግን ከፈረስ አልመጣም። መጀመሪያ ሚውዝ የተባለው ለንደን መሃል፣ ቻሪንግ ክሮስ አካባቢ፣ የንጉሡ ጭልፊቶች ላባቸውን የሚቀይሩበት ቤት ነበር። በ1534 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተቃጠለና ለፈረስ ተሠራ፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም።

የእኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ታች ፈረሶቹና ሰረገላው፣ ላይ ሰረገላ ነጂው ከነቤተሰቡ፣ ቆጡ ላይ ድርቆሹ ነበር። አሁን ታች ወጥ ቤትና ሳሎን ነው፤ እኛ ላይ እንተኛለን።

የምወደውን ላስቀድም፦ ወለሉን። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ጡብ ነው። ኮቴ እንዳያንሸራትት፣ ሽንቱም ወደ ማፍሰሻው እንዲወርድ ፊቱ ላይ ቦይ ቦይ ወጥቶለታል። እንኳንም በሴራሚክ አልሸፈኑት! ልጄ መኪናዎቹን የሚነዳው በዚያ ቦይ ውስጥ ነው።

ግድግዳው ግን አሳራችንን አሳይቶናል። በገባን በሦስተኛው ወር ከሶፋው ጀርባ፣ ከጉልበት በታች፣ ቀለሙ እየተላጠ ዱቄት የመሰለ ነጭ ብናኝ ይረግፍ ጀመር። ጠረግኩት፤ በሳምንቱ ተመለሰ። እንደገና ቀባነው፤ ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ አበጠና ረገፈ። ለካ ነገሩ ከፈረሶቹ ነው። የብዙ ዓመት ሽንት ጡቡ ውስጥ ሰርጎ ጨው ሆኗል፤ ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ከእኛ በፊት ያደሰው ሰው በሲሚንቶ ስለለሰነው እርጥበቱ መውጫ አጣ። የድሮ ቤት የሚያውቅ ግንበኛ ፈልገን ሲሚንቶውን ፈንቅሎ በኖራ ለሰነልን። ኖራ ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል። ጨዉ አሁንም ትንሽ ትንሽ ይወጣል። በደረቅ ብሩሽ ጠርጌ አነሳዋለሁ፤ በውሃ ካጠቡት ተመልሶ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ግን አልተላጠም።

ሌላው፣ የጀርባው ግድግዳ መስኮት የለውም። ያኔ አገልጋዮቹ የጌቶቻቸውን አትክልት ቦታ እንዳያዩ ተብሎ ነው። ባሰብኩት ቁጥር ይከነክነኛል። እኩለ ቀን ላይ መብራት አበራለሁ። ቡና ስቆላ ደግሞ ጭሱ መሄጃ አጥቶ የእሳት ማንቂያው ይጮሃል። ስለዚህ የሰረገላውን በር ወለል አድርጌ ደጃፉ ላይ መቁላት ጀመርኩ። ፊት ለፊታችን ያሉት አሮጊት ሽታው ጠርቷቸው መጡ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አይቀሩም።

በሩ ብርድ ያስገባል። ሰፈሩ በቅርስነት ስለሚጠበቅ ያለ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ፈቃድ አይነካም፤ ጥር ላይ ወጥ የምሠራው ጋቢ ደርቤ ነው። ንጋት ላይ ኮብልስቶኑን እያንኳኳ የሚያልፍ ሻንጣም ይቀሰቅሳል። ያን ለምደነዋል።

እንዲህ ያለ ቤት ልትገዙ ካሰባችሁ ዝናብ በጣለ ማግስት ሄዳችሁ እዩት። ሶፋውን አስነስታችሁ ከጉልበት በታች ያለውን ግድግዳ በእጃችሁ ዳብሱት፤ በምን እንደተለሰነም ጠይቁ።