“ትርጉም፣ ማኅተም፣ አፕሎድ፣ ሁሉም በእኛ” ለሚሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

ኦንላይን ቪዛ ልታመለክቱ ያሰባችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ ለማንም እንዳትከፍሉ።

ማስታወቂያውን መቼም አይታችሁታል። “ሰነዳችሁን በቴሌግራም ላኩልን። ተርጉመን፣ ማኅተም መትተን፣ ፎርሙን ሞልተን፣ አፕሎድ አድርገን እንጨርስላችኋለን። የትኛውም ኤምባሲ ይቀበለዋል።” ያጓጓል። ፎርሙ አታካች ነው፣ ሰው ሥራ አለው፣ እነሱ ደግሞ ነገ ይደርሳል ይላሉ። እኔ ግን ለአንዲት ጓደኛዬ የሠሩላትን ወረቀት በእጄ ይዤ ከዋናው ጋር አስተያይቼዋለሁ። አይን ያወጣ ሥራ ነው።

ከልደት ሰርተፊኬቱ እንጀምር። አማርኛው “ጥቅምት 20 ቀን 1990 ዓ.ም.” ይላል። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ኦክቶበር 30 ቀን 1997 ነው፤ ትክክልም ነው። እነሱ ምን ቢጽፉ ጥሩ ነው? ኦክቶበር 20 ቀን 1998። ጥቅምትን ወደ ኦክቶበር ቀየሩ፣ ቀኑን እንዳለ ተዉት፣ ዓመቱ ላይ 8 ደመሩ፣ አለቀ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት 7 ዓመት እንደሆነ፣ 8 የሚሆነው ከዚያ በኋላ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው እንግዲህ “ሰርቲፋይድ ተርጓሚ” የተባለው። በዚህ ወረቀት ብታመለክት ኖሮ ቪዛ መርማሪው ፊት የሚቀርቡት ሁለት የተለያዩ የልደት ቀኖች ናቸው። የቱን ይመን?

የባንክ ስቴትመንቱ ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነው የተተረጎመው። ሌላው ቁጥር ስለሆነ አያስፈልግም አሏት። ጀርባው ላይ በእጅ የተጻፈው ማስታወሻና የባንኩ ማኅተም ጽሑፍ ጭራሽ ተዘሏል።

የባሰው ግን የሥራ ደብዳቤው ነው። ዋናው ላይ “ረዳት የሒሳብ ሠራተኛ” የሚለው ትርጉሙ ላይ “ፋይናንስ ማናጀር” ሆኗል። ለምን ብላ ስትጠይቅ የሰጧት መልስ፣ “እህቴ፣ እንዲያምርልሽ ብለን ነው እኮ!” የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የቀን ስህተት ሊታረም ይችላል። ሆን ተብሎ የተጋነነ የሥራ መደብ ግን ሐሰተኛ መረጃ ነው። ካናዳ ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበን አመልካች ለ5 ዓመት ትከለክላለች። እንግሊዝ ማታለል ነው ብላ ከወሰነች እስከ 10 ዓመት ድረስ የሚቀርብላትን ማመልከቻ ልትጥለው ትችላለች። አሜሪካ ደግሞ እያወቀ የዋሸን ሰው ልዩ ምሕረት ካላገኘ በቀር ዕድሜ ልኩን ነው የምትዘጋበት። ፎርሙ መጨረሻ ላይ “ያቀረብኩት ሁሉ እውነት ነው” ብሎ የሚያረጋግጠው አመልካቹ ነው። ተርጓሚዎቹ ስልካቸውን አጥፍተው ይቀመጣሉ፣ ጣጣው ለእናንተ ይተርፋል።

አሁን ወደ ማኅተሙ። ትልቅ ክብ ሰማያዊ ማኅተም መትተውበታል፣ ከሩቅ ሲያዩት ያስፈራል። የተርጓሚው ስም ግን የለም። ስልክ የለም። የተተረጎመበት ቀን የለም። ኤምባሲዎች የሚፈልጉት እኮ በዋናነት ይሄንን ነው! እንግሊዝ የምትጠይቀው ትርጉሙ ከዋናው ሰነድ ጋር ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ቃል፣ የተተረጎመበት ቀን፣ የተርጓሚው ወይም የድርጅቱ ኃላፊ ሙሉ ስምና ፊርማ፣ እንዲሁም አድራሻ ነው። አሜሪካ ተርጓሚው ትርጉሙ ሙሉና ትክክል እንደሆነ፣ እሱም ቋንቋውን ለመተርጎም ብቃት እንዳለው ፈርሞ እንዲያረጋግጥ ትፈልጋለች። ካናዳ ተርጓሚው እውቅና ያለው ካልሆነ ቃለ መሐላ ታስጨምራለች፤ ራሳችሁ ወይም የቅርብ ዘመድ የተረጎመውንም አትቀበልም። አውስትራሊያ ከአገሯ ውጭ ለሚተረጎም ሰነድ የተርጓሚውን ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና የሙያ ልምድ ትጠይቃለች። የሼንገን አገሮች እንደየኤምባሲው ስለሚለያዩ የምታመለክቱበትን ኤምባሲ ዝርዝር ማየት ግድ ነው። እንግዲህ “የትኛውም ኤምባሲ ይቀበለዋል” የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ወጥመድ አለ፤ አካውንቱ። ፎርሙን እንሞላለን ሲሉ አካውንቱን የሚከፍቱት በራሳቸው ኢሜይል ነው። ፓስወርዱም እነሱ ጋ ነው። ተጨማሪ ሰነድ አምጡ የሚል መልእክት ሲመጣ የሚደርሰው ለእነሱ ነው፣ ቀነ ገደብም አለው። እነሱ ካላዩት ወይም “ተጨማሪ ክፈሉ” ብለው ካቆዩት ማመልከቻው በተጓደለ ሰነድ ይወሰናል። እናንተ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ መልስ ትጠብቃላችሁ።

አፕሎዱም ቢሆን ተአምር የለውም። ዋናውን ሰነድና ትርጉሙን አንድ ላይ ስካን አድርጎ በአንድ ፒዲኤፍ መጫን ነው፣ ዋናው ከፊት ትርጉሙ ከኋላ። እነሱ ግን ትርጉሙን ብቻ ነው አዘጋጅተው የነበሩት። ዋናው የሌለው ትርጉም ምን ዋጋ አለው?

ጓደኛዬ ገንዘቧን ጠየቀች፣ “ሥራው ተሠርቶ ተረክበሻል” ብለው ብሎክ አደረጓት። ደግነቱ ገና አልተላከም ነበር።

ስለዚህ ሥራውን ለያዩት። ለትርጉም ብቻ ክፈሉ፣ ፎርሙን በራሳችሁ ኢሜይል ራሳችሁ ሙሉት። ከመክፈላችሁ በፊት ተርጓሚው ስሙን፣ ፊርማውን፣ ስልኩንና ቀኑን ወረቀቱ ላይ እንደሚያሰፍር በጽሑፍ አስረግጡ። “ለደንበኛ ደህንነት ሲባል ስም አንጽፍም” ካላችሁ ሌላ ፈልጉ። የስማችሁን አጻጻፍ ከፓስፖርታችሁ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፤ እስከ አያት ስም ድረስ በፊደል አንድ መሆን አለበት። ዋናው ሰነድ ላይ ስሙ በሌላ አጻጻፍ ካለ ግን ተርጓሚው በዝምታ እንዲያስተካክለው አታድርጉ፣ እንዳለ ይተው፤ ልዩነቱን እናንተ በአጭር ደብዳቤ አስረዱ። ትርጉሙ ሲመጣ ቀኖቹን አንድ በአንድ ራሳችሁ አስሉ።

ቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ የአካውንቱን ፓስወርድ ተቀበሉና ቀይሩት፣ ኢሜይሉንም ወደ ራሳችሁ አዙሩት። የተጫነውን ፋይል ሁሉ አውርዳችሁ ከዋናው ጋር አስተያዩት። ማመልከቻው ተልኮ ስህተት ካገኛችሁ ውሳኔ ሳይሰጥ ለኤምባሲው ወይም ለቪዛ ክፍሉ በጽሑፍ አሳውቁ፣ የተስተካከለውንም ትርጉም አያይዙ። ከሰዎቹ ጋር የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ብሎክ ሲያደርጉ ቻቱንም ከሁለቱም ወገን ያጠፉታል።